በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለን ታማሚ ከሳንባ ምች ለመጠበቅና ለማከም የትኛው አማራጭ ይሻላል? ለድሬዳዋና ለሐረር የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳ ታማሚ በጉሮሮው በኩል ወደ መተንፈሻ ቧንቧው የሚያልፈው ቱቦ ከገባለት 48 ሰዓት ካለፈ በኋላ የሳንባ ምች ቢጀምረው፣ ምቹ ከመሣሪያው ጋር የተያያዘ ነው ተብሎ ይመዘገባል። ተህዋስያኑ ግን በአብዛኛው የሚመጡት ከታማሚው ከራሱ አፍ፣ ጉሮሮና ጨጓራ ነው። ቱቦው የጉሮሮውን በር ከፍቶ ስለሚይዝና የሚያስተኛው መድኃኒት የማሳል ኃይልን ስለሚያደክም፣ ከቱቦው ፊኛ (በቱቦው ዙሪያ ተነፍቶ ቧንቧውን ከሚዘጋው ከረጢት) በላይ የተጠራቀመው ምራቅ በፊኛው ዙሪያ ባሉ ጥቃቅን እጥፋቶች እየሾለከ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት አማራጮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህንን መንገድ ለመዝጋት፣ ለማሳጠር ወይም መንገዱ ክፍት ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ ለመቀነስ የታሰቡ ናቸው።

መመሪያው የተጻፈው በድሬዳዋ እንደ ድል ጮራ፣ በሐረር ደግሞ እንደ ሕይወት ፋናና ጁገል ባሉ ሆስፒታሎች ለሚሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች፣ እንዲሁም የትኛው ዕቃ ይገዛ የሚለውን ለሚወስኑ ኃላፊዎች ነው። ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ፣ ከሶማሌ ክልልም ጭምር የሚላኩ ከባድ ታማሚዎች በጥቂት አልጋዎች ላይ በሚስተናገዱበት አካባቢ፣ አንድ ታማሚ በመሣሪያ ላይ ተጨማሪ ሦስት ቀን ቆየ ማለት ሌላው ታማሚ ሦስት ቀን ያለ መሣሪያ ጠበቀ ማለት ነው።

ስለዚህ መለኪያውን አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። አብዛኛው የዕቃና የመድኃኒት ማስተዋወቂያ የሚናገረው «ምችን በዚህን ያህል ቀነሰ» ብሎ ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ምች ምርመራ ራሱ በግምት ላይ የቆመ ነው፤ በራጅ አዲስ ጥላ መታየቱ፣ ትኩሳቱ፣ የነጭ የደም ሴል ቁጥሩና የአክታው መግል መምሰል በሌሎች ብዙ ምክንያቶችም ሊመጡ ይችላሉ። አንድ ዘዴ የአክታውን መልክ ብቻ አሳምሮ የምቹን ቁጥር ዝቅ ሲያደርግ፣ ታማሚው ግን እንደዚያው ብዙ ቀን በመሣሪያ ላይ ሊቆይ፣ እንደዚያው ሊሞትም ይችላል። በዚህ ጽሑፍ አንድ አማራጭ ከሌላው ይሻላል የሚባለው በመጀመሪያ በመሣሪያ ላይ የሚያልፉትን ቀናት ወይም ሞትን በመቀነሱ፣ ቀጥሎም የአንቲባዮቲክ አጠቃቀምን በማሳነሱ ነው። የምቹ ቁጥር ብቻ መቀነሱ በሦስተኛ ደረጃ ይቆጠራል።

ቱቦ ማስገባት ወይስ በጭምብል መርዳት?

ቱቦ ያልገባለት ታማሚ ይህ ምች አይይዘውም። የከረመ የሳንባ መጥበብ ሕመም ተባብሶበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለተጠራቀመበት ታማሚ፣ እንዲሁም በልብ ድካም ሳቢያ ሳንባው ውኃ ለያዘ ታማሚ፣ በጭምብል የሚሰጥ የመተንፈስ እገዛ ከቱቦው መቅደም እንዳለበት ጥርጥር የለውም። በከባድ የሳንባ ምች ኦክስጅኑ ለወረደበት ሰው ግን ጉዳዩ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ የመሻል ምልክት ካልታየ ጭምብሉን ይዞ መዘግየት ራሱ ይጎዳል። ንቃተ ኅሊናው የወረደ ወይም የሚያስታውክ ታማሚ በጭምብል ቢረዳ የጨጓራው ይዘት ወደ ሳንባው ስለሚገባ፣ ምችን እንከላከላለን ስንል የባሰ ምች እንጠራለን።

በአፍንጫ የሚሰጠው ከፍተኛ ፍሰት ያለው ኦክስጅን ለታማሚው የሚመች አማራጭ ቢሆንም የአቅርቦት ስሌት ይጠይቃል። 7,000 ሊትር ገደማ የሚይዝ ትልቅ ሲሊንደር ንጹሕ ኦክስጅን በደቂቃ 60 ሊትር ሲፈስበት ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በማዕከላዊ የቧንቧ መስመር ለማይሠራ ክፍል ይህንን ዘዴ የመጀመሪያ ምርጫ አድርጎ መያዝ፣ ሌሊት ሲሊንደር የሚቀይር ሰው ከሌለ፣ አደጋ አለው።

ጥልቅ እንቅልፍ ወይስ ቀላል?

ከሁሉም ንጽጽሮች ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚጠይቀው ወጪ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመና 128 ታማሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ የሚያስተኛው መድኃኒት በየቀኑ እስኪነቁ ድረስ የተቋረጠላቸው ታማሚዎች በመሣሪያ ላይ የቆዩበት ጊዜ በመካከለኛ ቁጥር 4.9 ቀን ሲሆን፣ እንደተለመደው መድኃኒቱ ሳይቋረጥ የቀጠለላቸው 7.3 ቀን ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ጠዋት ታማሚውን መቀስቀስንና ወዲያው በራሱ እንዲተነፍስ መሞከርን ማቀናጀት እንደተለመደው እያስተኙ የመተንፈስ ሙከራውን ብቻ ከማድረግ እንደሚሻል አሳይቷል።

በእኛ አካባቢ ጥልቅ እንቅልፍ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንዲት ነርስ ሌሊት ብዙ ታማሚዎችን በምትጠብቅበት ክፍል፣ የነቃ ታማሚ ቱቦውን በእጁ ይነቅላል የሚለው ስጋት እውነተኛ ስጋት ነው። ስለዚህ ምርጫው «ሙሉ በሙሉ ማስተኛት» ወይም «ሙሉ በሙሉ ማንቃት» ተደርጎ መቅረብ የለበትም። መካከለኛው መንገድ በቅድሚያ ሕመሙን በሞርፊን ወይም በኬታሚን ማስታገስ፣ ከዚያ ስሙ ሲጠራ ዐይኑን እስኪገልጥ ድረስ ብቻ ማስተኛት፣ መቀስቀሱን ደግሞ የሠራተኛ ቁጥር ከፍ በሚልበት የጠዋት ዙር ማድረግ ነው። ከመድኃኒቶቹ መካከል ዲያዜፓም በአካል ውስጥ ለረዥም ጊዜ ስለሚቆይ፣ በተለይ አረጋውያንና ጉበታቸው የታመመ ሰዎች መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ለቀናት ሊያንቀላፉ ይችላሉ። ፕሮፖፎል ቶሎ ይለቃል፤ ሚዳዞላም በሁለቱ መካከል ይገኛል፣ ኩላሊቱ በደከመ ታማሚ ግን ይጠራቀማል። ፕሮፖፎል በሌለበት ቀን ሚዳዞላምን በተከታታይ ጠብታ ከማፍሰስ ይልቅ በሚያስፈልግበት ጊዜ በጥቂቱ እየወጉ መስጠት የተሻለ ነው። የሚጥል በሽታ ያላቆመለት፣ በጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ግፊት የጨመረ ወይም ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት የተሰጠው ታማሚ ከዚህ የጠዋት መቀስቀስ ውጭ ነው።

አልጋውን ማቅናትና 30 ዲግሪው

የአልጋውን ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ማድረግ በመመሪያዎች ሁሉ ይገኛል። ማስረጃው ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጠንካራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በ86 ታማሚዎች ላይ የተደረገው የታወቀው ጥናት በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ምች ጠፍጣፋ ከተኙት 23 በመቶውን፣ በ45 ዲግሪ ከተቀመጡት ግን 5 በመቶውን ብቻ እንደያዘ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 በኔዘርላንድ የተደረገው ጥናት ደግሞ 45 ዲግሪን በተግባር መጠበቅ እንዳልተቻለ፣ ታማሚዎቹ ከ30 ዲግሪ በታች እየተንሸራተቱ እንደቆዩና በምቹ ላይም ልዩነት እንዳልታየ ዘግቧል። ስለዚህ ትክክለኛው ንጽጽር በ30 እና በ45 መካከል አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ በተጠበቀ 30 እና በመዝገብ ላይ ብቻ በሰፈረ 45 መካከል ነው። የመጀመሪያውን ምረጡ።

የዲግሪ መለኪያ የሌለው አልጋ በሜትር ይለካል። የሚነሣው የጀርባ ክፍል 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ካለው፣ የላይኛው ጫፉ ከአግድመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል 30 ዲግሪ ይሆናል። በዚያ ከፍታ ላይ በግድግዳው ወይም በአልጋው ጎን መስመር ማስመር አንድ ፕላስተር ብቻ ይፈልጋል። በመኪና ወይም በባጃጅ አደጋ አከርካሪው ተጎድቷል ተብሎ ለተጠረጠረ ታማሚ ወገቡን ማጠፍ ስለማይቻል፣ አልጋው በሞላው ከራስጌ በኩል ከፍ ተደርጎ ይዘነበላል። የደም ግፊቱ በወደቀ ታማሚ ላይ ግን ግፊቱ ይቀድማል።

የአፍ ንጽሕና፦ ክሎርሄክሲዲን ወይስ ብሩሽ?

ብዙ ክፍሎች ክሎርሄክሲዲን የተባለውን ተህዋስያን ገዳይ መድኃኒት በአፍ ውስጥ መቀባትን እንደ ግዴታ ይዘውት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የወጡ የጥናት ድምሮች እንደሚያሳዩት ግን፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላቸው ታማሚዎች መካከል በጥንቃቄ በተሠሩት ጥናቶች መድኃኒቱ ምችን ለመቀነሱ አስተማማኝ ማስረጃ አልተገኘም፤ ይልቁንም ሞትን ትንሽ ሊጨምር ይችላል የሚል ስጋት ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታደሰው የአሜሪካ የሆስፒታል ኢንፌክሽን መከላከያ ምክረ ሐሳብም ክሎርሄክሲዲንን ከማይመከሩት ጎን አስቀምጦ፣ ጥርስን በብሩሽ መቦረሽን ከመሠረታዊዎቹ ጋር መድቧል። መቦረሽ በጥናቶች ድምር ከምቹ መቀነስ አልፎ በመሣሪያ ላይ ከሚያልፉ ቀናት ማጠርና ከሞት መቀነስ ጋር ተያይዞ ታይቷል፤ ከላይ ያስቀመጥነውን መለኪያ ያለፈ ነው ማለት ነው።

ለግዢ ክፍል የሚሆነው መደምደሚያ ግልጽ ነው፤ የክሎርሄክሲዲኑ ገንዘብ ለትንንሽ ለስላሳ የጥርስ ብሩሾች ይዋል። ቢያንስ በቀን ሁለት ጊዜ ጥርሱ፣ ድዱና ምላሱ ይቦረሻል፤ ከመቦረሹ በፊት የፊኛው ግፊት ይታያል፤ በመቦረሹ ጊዜ ፈሳሹ በሰክሽን (በመምጠጫ መሣሪያ) ይሳባል። ብሩሹ ለአንድ ታማሚ ብቻ ይሁን፣ ከተጠቀሙበትም በኋላ ይድረቅ። አስታማሚ ቤተሰብ «ምን እንግዛ?» ብሎ ሲጠይቅ ከሚታዘዙት ዕቃዎች መካከል ይህ ብሩሽ አንዱ ቢሆን መልካም ነው።

ፊኛው፣ ልዩ ቱቦውና ሰክሽኑ

የቱቦው ፊኛ ግፊት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ መሆን አለበት። ከዚህ ሲያንስ ምራቅ ይሾልካል፤ ሲበዛ የመተንፈሻ ቧንቧውን ግድግዳ ደም ይነሣዋል። ፊኛውን በጣት ጫን ብሎ መገመት፣ ለብዙ ዓመት በሠራ ባለሙያ እጅ እንኳ፣ አያስተማምንም። በሌላ በኩል ከፊኛው በላይ የተጠራቀመውን ፈሳሽ በተለየ ቀዳዳ የሚስብ ልዩ ቱቦ አለ፤ በጥናቶች ድምር የምቹን ቁጥር ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ ያደርጋል። ሆኖም በመሣሪያ ላይ የሚያልፈውን ጊዜና ሞትን መቀነሱ በሁሉም ድምሮች አልተረጋገጠም፤ ዋጋውም ከተራው ቱቦ ይበልጣል። በእኔ ግምት የፊኛ ግፊት መለኪያ የሌለው ክፍል ልዩ ቱቦ ከመግዛቱ በፊት መለኪያውን ይግዛ። ሁለቱንም መግዛት የሚችል ከሆነ፣ ልዩ ቱቦው ከ48 እስከ 72 ሰዓት በላይ በመሣሪያ ላይ ይቆያሉ ተብለው ለሚገመቱ ታማሚዎች ከመጀመሪያው ይግባ፤ የገባን ተራ ቱቦ አውጥቶ በልዩ መተካት ግን ለጥቅሙ ሲባል ጉዳት መጥራት ነው።

ሰክሽንን በተመለከተ፣ ታማሚው ከመሣሪያው ተነቅሎ የሚሳብበት ክፍቱ ዘዴና ሳይነቀል የሚሳብበት ዝጉ ዘዴ ምችን በመከላከል ረገድ አይበላለጡም። ዝጉ የሚመረጠው ከፍተኛ የአየር ግፊት ለሚያስፈልገው፣ ሳንባ ነቀርሳ ለሚጠረጠርበትና መድኃኒት የለመደ ተህዋስ ለተገኘበት ታማሚ ነው። ለሌላው ክፍቱ፣ በንጹሕ ጓንትና በአዲስ ካቴተር፣ በቂ ነው፤ በሰዓት ቆጠራ ሳይሆን አክታ ሲኖር ብቻ ይሳብ።

እርጥበት ማጣሪያ ወይስ የሚሞቅ ሂዩሚዲፋየር?

የድሬዳዋ አየር ከሐረር የሚለይበት ነጥብ እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። የታማሚውን የራሱን እርጥበት ይዞ የሚመልሰው ማጣሪያና ውኃ የሚያሞቀው ሂዩሚዲፋየር በምች ቁጥር ረገድ ግልጽ ልዩነት አላሳዩም። ስለዚህ ምርጫው በአክታው ውፍረትና በክፍሉ ሙቀት ይወሰናል። ባለ ማሞቂያ ሽቦው ሂዩሚዲፋየር የሚቆጣጠረው የአየሩን ሙቀት እንጂ እርጥበቱን አይደለም። ክፍሉ 28 ወይም 30 ዲግሪ ሲሞቅና ከመሣሪያው የሚወጣው አየር አስቀድሞ የሞቀ ሲሆን፣ ማሞቂያው «በቃ» ብሎ ሥራውን ይቀንሳል፤ ውኃውም በበቂ አይተንም። ይህ ተለክቶ የተረጋገጠ ነው። አየር ማቀዝቀዣ በሌለው የድሬዳዋ ክፍል በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ አክታው ቢወፍር፣ ቱቦውም ቢደፈን፣ በመጀመሪያ ይህ ይጠርጠር። ከታማሚው አጠገብ ባለው ማገናኛ ላይ ጤዛ አለመታየቱ ምልክት ነው። በቀዝቃዛው የሐረር ሌሊት ደግሞ ተቃራኒው ይከሰታል፤ ማሞቂያ ሽቦ በሌለው ቱቦ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፤ ታማሚው ሲገለበጥም ያ ውኃ ወደ ሳንባው እንዳይፈስ አስቀድሞ መወገድ ይኖርበታል።

በሂዩሚዲፋየሩ ውስጥ የሚጨመረው ንጹሕ የተጣራ የሕክምና ውኃ ብቻ ነው፤ በማንቆርቆሪያ ግርጌ ነጭ ድንጋይ የሚጥለው የድሬዳዋ የቧንቧ ውኃ ተፈልቶም ቢሆን ቦታው እዚህ አይደለም። አክታው ቀጭን ለሆነና ለአጭር ጊዜ ለሚቆይ ታማሚ ማጣሪያው ቀላልና ርካሽ ነው። አክታው የወፈረ፣ ደም የቀላቀለ ወይም ሰውነቱ የቀዘቀዘ ታማሚ ሂዩሚዲፋየር ያስፈልገዋል። የመሣሪያው ቱቦዎች በየሳምንቱ ወይም በየተወሰነ ቀን መቀየራቸው ግን ምንም አይጠቅምም፤ የሚቀየሩት ሲቆሽሹ ወይም ሲበላሹ ብቻ ነው።

የጭንቅላት ጉዳት፦ አንድ ጊዜ ሴፍትሪያክሶን

እ.ኤ.አ. በ2024 በፈረንሳይ የወጣ ጥናት፣ በጭንቅላት ጉዳት፣ በስትሮክ ወይም በአንጎል ደም መፍሰስ ራሳቸውን ስተው ቱቦ ለገባላቸው ታማሚዎች፣ በ12 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ 2 ግራም ሴፍትሪያክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ በመጀመሪያው ሳምንት የሚከሰተውን ምች ከ32 ወደ 14 በመቶ ማውረዱን አሳይቷል፤ በ28 ቀን ውስጥ የሞቱትም ያነሱ ነበሩ። መድኃኒቱ በየፋርማሲው የሚገኝ በመሆኑ ይህ ለእኛ ማራኪ አማራጭ ነው። ሁለት ማሳሰቢያዎች ግን አሉት። ጥናቱ የተሠራው የተህዋስያን መድኃኒት መላመድ ከዚህ በተለየበት አገር ነው። በተጨማሪም እዚህ «ለጥንቃቄ» ተብሎ የሚጀመር ሴፍትሪያክሶን ብዙ ጊዜ አንድ ሳምንት ይቀጥላል። አንድ ጊዜ ከተባለ አንድ ጊዜ ነው፤ ለሌላ ሕመም ቀድሞ የጀመረ ታማሚም ድጋሚ አያስፈልገውም።

ምርመራ፦ ከቱቦ የተሳበ አክታ ወይስ ብሮንኮስኮፒ?

እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳና በአሜሪካ በ740 ታማሚዎች ላይ የተደረገው ጥናት በብሮንኮስኮፕ (ወደ ሳንባ በሚገባ የማያ ቱቦ) ሳንባን አጥቦ ናሙና መውሰድንና ከቱቦው በቀላሉ አክታ መሳብን አነጻጽሮ፣ የ28 ቀን ሞት 18.9 እና 18.4 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ብሮንኮስኮፕ አለመኖሩ ናሙና ላለመላክ ምክንያት አይሆንም። የሚወስነው ናሙናው አዲሱ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት መወሰዱና በሁለት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረሱ ነው፤ ከዘገየ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል፤ የድሬዳዋ ሙቀት ይህን ቸል አያስብልም።

ከናሙናው በፊት ግን ጥርጣሬው ራሱ ይመዘን። አዲስ የራጅ ጥላ በሌለበት ትኩሳት ብቻ ምች አይባልም። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጌ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በ2022 ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ በተባለችው ትንኝ የተዛመተ ወባ የተከሰቱባት ከተማ ናት። ቱቦ የገባለት ታማሚ በሰባተኛው ቀን ሲያተኩስ የወባ የደም ምርመራ፣ የደም ሥር መስመሩንና የሽንት ቱቦውን ማየት ከአክታው ናሙና ጋር አብሮ ይሂድ። የምች ምልክት ሳይኖር በአክታው ውስጥ ብቻ የበቀለ ተህዋስ፣ ማለትም ራጁ፣ ኦክስጅኑና ትኩሳቱ ሳይለወጡ የተገኘ ውጤት፣ መድኃኒት አይፈልግም።

የመድኃኒት ምርጫና የቀናት ብዛት

በአገራችን ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በብዛት የሚገኙት ተህዋስያን አሲኔቶባክተር፣ ክሌብሲዬላና ሱዶሞናስ ናቸው። ሴፍትሪያክሶን በመጀመሪያውና በሦስተኛው ተህዋስ ላይ አይተማመኑበትም፤ ክሌብሲዬላውም ብዙ ጊዜ ለምዶታል። ቫንኮማይሲን ደግሞ በሦስቱም ላይ አይሠራም፤ ሴፍትሪያክሶን አልሠራ ሲል ቫንኮማይሲን መደረቡ የሚጠቅመው መድኃኒት የለመደው ስታፊሎኮከስ ሲኖር ብቻ ነው። ስለሆነም አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ያልወሰደ፣ የደም ግፊቱ ያልወደቀና ቱቦው ከገባለት ብዙ ቀን ያልሆነው ታማሚ በሴፈፒም ወይም በፒፐራሲሊን ታዞባክታም ሊጀመርለት ይችላል። የደም ግፊቱ ወድቆ በሾክ ውስጥ ያለ ወይም ባለፉት 90 ቀናት በደም ሥር አንቲባዮቲክ የወሰደ ታማሚ ግን ከመጀመሪያው በሜሮፔነም፣ የክፍሉ የካልቸር (በላቦራቶሪ የበቀሉ ተህዋስያን ውጤት) መዝገብ ካስገደደም በአሚካሲን ድጋፍ ይታከም። የክፍሉ የራሱ መዝገብ ከማንኛውም የውጭ መመሪያ ይበልጣል፤ የሐረሩ መዝገብ ለድሬዳዋው፣ የድሬዳዋውም ለሐረሩ አይተካም።

መድኃኒቱ ከውጭ ፋርማሲ የሚገዛ ከሆነ፣ ማዘዣው ከመጻፉ በፊት ቤተሰቡ የሰባት ቀኑን መጠን ማግኘትና መግዛት መቻሉ ይጠየቅ። በሦስተኛው ቀን ከገበያ የሚጠፋ ጠንካራ መድኃኒት፣ ሳይቋረጥ ከሚገኝ መካከለኛ መድኃኒት አይሻልም።

የቀናቱ ብዛት ላይ ማስረጃው ከሌሎቹ ሁሉ የጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በፈረንሳይ በ401 ታማሚዎች ላይ የተደረገው ጥናት 8 ቀንን ከ15 ቀን ጋር አነጻጽሮ በሞት ላይ ልዩነት አላገኘም፤ እንደ ሱዶሞናስና አሲኔቶባክተር ባሉት ላይ ግን ምቹ ተመልሶ የመጣባቸው በአጭሩ ቡድን በዝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመውና በኔፓል፣ በታይላንድና በሲንጋፖር የተሠራው ጥናት ደግሞ፣ ትኩሳቱ ለቆትና የደም ግፊቱ ጸንቶ ለተገኘ ታማሚ ሕክምናውን በሰባት ቀን ወይም ከዚያ ባነሰ ማቆም ከረዥሙ እንደማያንስ አሳይቷል። የኔፓል ክፍሎች በአቅምም በተህዋስያንም ከእኛ ጋር ስለሚቀራረቡ፣ ለእኔ ይህ ማስረጃ ከፈረንሳዩ ይበልጥ ክብደት አለው። የካልቸር ውጤት በሦስተኛው ቀን ሲደርስ ስታፊሎኮከሱ ካልተገኘ ቫንኮማይሲኑ ይቁም፤ ተህዋሱ ለጠባቡ መድኃኒት የሚሸነፍ ከሆነ ሜሮፔነሙ በእርሱ ይተካ፤ በሰባተኛው ቀን ጠዋት ታማሚው ካላተኮሰና ኦክስጅኑ ከተሻሻለ፣ የራጁ ጥላ ገና ባይጠፋም፣ መድኃኒቱ ይቁም። ጥላው ከሕመሙ በኋላ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።